የቆቦ እህ ባዮች

እህ በሉ። እህ ካላላችሁኝ አልቀጥልም። እናታችን ቤት ተረት የሚያወራ ሰው፣ አድማጩ እህ ማለት ሲተው ነገሩን እዚያው ላይ ጥሎ ይተኛ ነበር፤ በማግስቱ ቢለምኑትም አይቀጥልም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ተረት አይደለም። ቆቦ ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው እንዴት እንደ ጨረሱ ነው። እንዴት እንደ ጀመሩ አልወጣኝም። መጀመሩንማ ማን ያጣዋል! በየቤቱ ሳጥን ውስጥ፣ በየአልጋው ሥር፣ «ትውልዴና እድገቴ» ብሎ ተነስቶ ጥቂት ገጽ ሄዶ የቆመ ደብተር አለ። ጭንቁ መጨረሱ ላይ ነው።

የመምህሩን ስም አልነግራችሁም። የተስማማነው እንደዚያ ነው፤ ስማቸውን መጽሐፉ ሲወጣ ራሱ ይንገራችሁ። የሌሎቹንም አልነግራችሁም፤ ገና ብዙ የሚያናግረን ነገር አለን።

ቆቦን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከኮረም ብርድ ተነስታችሁ የግራ ካሱን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ አላማጣ ስትገቡ ሜዳው ይጀምራል። ዋጃን አለፍ ስትሉ ቆቦ ናችሁ። በፀሐይ መውጫ የዞብል ተራራ፣ በመግቢያው የላስታና የግዳን ደጋ፣ መሀሉ ማሽላ። ሰማዩ ለዚህ ሜዳ ቸር አይደለም። የሚያጠግበው ከደጋው እየደነፋ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። አሁን አሁን በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ ሽንኩርቱም ማንጎውም መጥቷል፤ ቢሆንም በጥቅምት እሸት ማሽላ ጠብሶ ያልበላ ሰው ራያ ደረስኩ ባይል ይሻለዋል።

እዚያች ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ፎቶ ኮፒ የታጨቁባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የቤት ኪራይ ውል እጽፋለሁ፣ ለሥራ ፈላጊው የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ፤ ይኼኛው በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነው። መምህሩ በጥቁር ፌስታል ደብተር ሞልተው የመጡት እዚያ ነው። «በኮምፒውተር ይጻፍልኝ፤ ዋጋውን ንገረኝ» አሉ። ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየሁት። የእጅ ጽሕፈታቸው የድሮ መምህር ጽሕፈት ነው፤ ያምራል፣ ግን ቀለሙ ደብዝዟል፣ ዳር ዳሩን እርጥበት በልቶታል። ስለዚህ እሳቸው እያነበቡ እኔ እንድተይብ ተስማማን።

አያችሁ፣ ነገሩ የጀመረው ከዚህች ስምምነት ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በር ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ተራ ጠባቂው መስማት ጀመረ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ፣ ጉዳዩ አልቆለት ሳለ አልሄደም። መምህሩ ለዕለቱ ብለው ደብተሩን ሲያጥፉ፣ «ከዚያስ? ከዚያ በኋላስ?» አለ። መምህሩ ቀና ብለው አዩት። ያን ደብተር ከጀመሩ ወዲህ «ከዚያስ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ጎኔ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ረከቦታቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። የመሬት ካርታቸውን ሊያስገለብጡ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ተጨመሩ፤ ከጤና ጣቢያ ሥራዋን ጨርሳ የምትወጣ አንዲት ወጣት ነርስ ተጨመረች። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም፣ ሊቀ መንበር የለንም። ሹፌሩ «የደራስያን ማኅበር ቅርንጫፍ እንባል» ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ቤት መሆኑን መምህሩ ነግረውት፣ ቅርንጫፍ ለመባል መጀመሪያ ደራሲ መሆን ያስፈልጋል ቢሉት ዝም አለ። ከእኛ መሀል መጽሐፍ አሳትሞ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ፊደል አራሚ፣ ሐረግ አቃኚም አልነበረንም። የነበረን ጆሮ ነው፤ ሌላው ደግሞ፣ እንደምታዩት፣ ከመሀላችን የመምህሩን ዘመን የኖሩ ሰዎች መኖራቸው ነው።

*

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

መምህሩ ታሪካቸውን ከማይጨው ይጀምራሉ። በተወለዱበት ጊዜ ማይጨው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፤ ግን የእኛ አገር ሰው የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ከራሱ አይነሳም፣ ቢያንስ አንድ ጦርነት ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚነሳው። መጋቢት 22 ቀን 1928 የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ማይጨው ላይ ተዋጋ፣ ተሸነፈ። ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የጣሊያን አውሮፕላን ፈጀው። ከሰማይ የተረፈውን ደግሞ የራያና የአዘቦ ሰው ከግራና ከቀኝ እየወጣ ወጋው። መምህሩ ይህን ሁሉ በሚያምር አማርኛ ጽፈውታል፤ ከየት እንዳመጡትም አልደበቁም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ተቀምጠው ካዘጋጁት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው።

እንግዲህ ንጉሡም ብቻቸውን አልነበሩም። ቤቱ ውስጥ የአገራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያ ሁሉ መጽሐፍ የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንኳ እዚያው ነበሩ፤ መስከረም 1931 ላይ ያረፉትም እዚያው ነው። ለስደተኛ ንጉሥ ያን ዘመን ከሚያስታውሱ ሰዎች ጋር መኖር ትንሽ ሀብት አይደለም።

መምህሩ አንብበው ሲጨርሱ አዛውንቱ ገበሬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አባቴ አሸንጌ ላይ ነበር» አሉ።

መምህሩ ደስ አላቸው። «ከንጉሡ ጋር?»

«የለም። በዚያኛው ወገን።»

ሹፌሩ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። አዛውንቱ ቀጠሉ። ከማይጨው በፊት የመንግሥት ጦር ራያና አዘቦ ላይ ዘምቶ እንደ ነበር፣ ከብት እንደ ተነዳ፣ ቤት እንደ ተቃጠለ፣ ቂሙ እንዳልበረደ ነገሩን። ጣሊያን ያንን ቂም አውቆ ብርና ጠመንጃ እንዳደለም ነገሩን። አባታቸው ከአሸንጌ አንድ ጠመንጃና አንድ ካባ ይዞ ገባ። ካባው የአንድ የሞተ መኮንን ነበር። እናታቸው ካባው ከቤት እንዳይገባ ከለከለች፤ በረት ውስጥ ተሰቅሎ ምስጥ በላው።

«ይህ የንጉሡ መጽሐፍ ውስጥ አለ?» ብለው ጠየቁ አዛውንቱ።

የለም። እንዴት ይኖራል? ንጉሡ የጻፉት ከደረሰባቸው ወገን ሆነው ነው፤ የራያው ሰው ደግሞ ባዝ ከተማ ላይ ጸሐፊ አልነበረውም። ይህን የምለው የገበሬውን አባት ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። የሞተ ሰው ካባ መግፈፍ ምን እንደሆነ እናታቸው አውቃዋለች፤ ፍርዱን እሷ ሰጥታለች። ግን የራያ መምህር የራያን ሜዳ ታሪክ ከባዝ ብቻ መቅዳቱ ከነከነኝ፤ እሳቸውንም ከነከናቸው። በሳምንቱ ምዕራፉን አፍርሰው መጡ። ያችን ካባ ከፊት አድርገዋታል። የንጉሡም ቃል አለ፣ የገበሬውም አባት አለ፤ ማን ምን እንዳየ እየተለየ።

ያኔ አንዲት ሥርዓት ወጣችልን። ልዑል ራስ እምሩ የጻፉትን «ካየሁት ከማስታውሰው» ብለውታል፤ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በትዝታቸው ላይ ካየሁትና ከሰማሁት ብለው ለይተዋል። እኛም ከዚያ ተማርን። መምህሩ በየአንቀጹ ዳር በእርሳስ «ካ» ወይም «ሰ» ብለው ምልክት ያደርጋሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ለመለየት ነው። ሁለቱንም የማይሉበት አንቀጽ ሲመጣ፣ ነርሷ «ይቺ ከየት መጣች?» ትላለች። ብዙ ጊዜ ከሬዲዮ ነው የመጣችው። ትሰረዛለች።

*

ስለ ራስ እምሩ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፤ መምህሩን ያስደነገጣቸውም ያው ነውና። ራስ እምሩ በ1972 አረፉ፤ መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ2002 ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በልጅነታቸው ዐድዋን ያዩት፣ ሩሲያ የተማሩት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የነደፉት ሰውዬ፣ እሳቸውም ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው። መርስዔ ኀዘንም በሕይወት ሳሉ ትዝታቸውን ታትሞ አላዩትም። የንጉሡ እንኳ በስደት ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የታተመው በ1965 ነው።

እነዚህ ሰዎች ጨርሰው ነው የሞቱት፤ ረቂቁ ስለነበረ ልጅና የልጅ ልጅ፣ ምሁርና አሳታሚ አነሳው። ያልጨረሰስ? ያልጨረሰውንማ ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር ያቃጥሉታል። ይህን ለመምህሩ የነገራቸው ሹፌሩ ነው፤ ጨካኝ ነው። «አንቱ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት የሚጠብቅ ዩኒቨርሲቲ የለዎትም» አላቸው። መምህሩ ተቆጡ፣ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይዘው የመጡት ከወትሮው እጥፍ ነበር።

የ1965ቱን ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበቡት። ወልዲያ ተማሪ ነበሩ። ከደሴ ወደ ኮረም በሚወጣው መንገድ ዳርና ዳር የተራበ ሰው ተደርድሮ መኪና ያስቆም ነበር። ሹፌሩ ያኔ የአባቱ ረዳት ነበርና፣ ሰዎቹ መንገዱ ላይ ተንበርክከው እንደነበረ፣ አባቱ ፍሬን መያዝ እያቃተው ያለቅስ እንደነበረ ጨመረ። የንጉሡ የሕይወት ታሪክ ማተሚያ ቤት የነበረበት ዓመት ይኸው ዓመት ነው። መምህሩ ይህን ጎን ለጎን አስቀምጠውት ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ ምሬት እንዲያስገቡ መክሬ ነበር፤ እምቢ አሉ፤ ልክ ነበሩ። በ1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሀቡን ለዓለም አሳየ፤ በ1967 መስከረም 2 ንጉሡ ወረዱ። ይህ ሁሉ በእሳቸው ደብተር ውስጥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ስለ አንዲት መንገድ ዳር ስላገኟት ልጅ ግን ስድስት ገጽ አለ።

የ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ደስታ ነው። በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ በኋላ አሥራ አምስት የደረሰው፣ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር አንድ ሰሌዳ ፊት የተቀመጠበት ጊዜ። መምህሩ ማታ ማታ በፋኖስ ያስተምሩ ነበር። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ልጅ ሳሉ ፊደል የቆጠሩት ከእሳቸው ነው፤ እስከ ዛሬ «አስተማሪዬ» ነው የሚሏቸው። ያን ምዕራፍ ሲያነቡ እትዬ በየመሀሉ «ውሸት! ሀሁ ላይ ነው የመቱኝ፣ አቡጊዳ ላይ አይደለም» እያሉ አስቸገሩን።

ከዚያ በኋላ ያለው ደብተር ባዶ ነበር።

*

«1977» ይላል አርእስቱ። ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጀምሯል፤ አላለቀም። «እሱ ይቆየኝ» አሉኝ መጀመሪያ ላይ፤ ወደ 1983 ዘለሉ፣ ወደ ትዳራቸው ዘለሉ፣ ወደ ጡረታቸው ዘለሉ። ዳርና ዳሩ ተጽፎ አለቀ። መሀሉ ላይ ያቺ አርእስት ብቻዋን ቀረች። ሳምንቱ ሲደርስ «አሞኛል» ማለት ጀመሩ። ቀሩ።

እትዬ ቡናውን ማፍላታቸውን አልተዉም። አቦሉን ለእኛ፣ አንድ ሲኒ ደግሞ ለሳቸው ይቀዳል፤ ሲበርድ ይደፋል።

በዚያ ሰሞን ነው ነርሷ የነቢይ መኮንንን ነገር ያመጣችው። ነቢይን ብዙዎቻችሁ በአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅነቱ ታውቁታላችሁ፤ በ2016 ነው ያረፈው። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ ማርጋሬት ሚቼል የጻፈችው ያ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ እስር ቤቱ ውስጥ ይገኛል። ነቢይ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። ወረቀት የለም። ስለዚህ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ስስ ወረቀት እየሰበሰቡ ይሰጡታል፤ ሦስት ሺህ በምትሆን የሲጋራ ወረቀት ላይ ጻፈው። የሚፈታ እስረኛ ጥቂት ጥቂቱን ፓኮ ውስጥ ሸጉጦ ይዞ ይወጣል። ነቢይ ሲፈታ ያን የተበታተነ ወረቀት ከየሰዉ ለቀመ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ሆኖ ታተመ።

አዛውንቱ ገበሬ በጥሞና ሰምተው፣ «ሲጋራውን ማን አጨሰው?» አሉ።

ተሳሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ሦስት ሺህ ወረቀት ማለት ሦስት ሺህ ፓኮ ነው። አጫሹ አለበት፣ ፓኮውን ያቀበለ አለበት፣ ሸጉጦ ያወጣ አለበት፣ ውጭ ተቀብሎ ያስቀመጠ አለበት። ቢያዝ ደግሞ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስማቸውን ግን እኛ አናውቀውም። አዛውንቱ ይህን ሁሉ በጣታቸው ቆጥረው ሲያበቁ፣ ተነሱና «እኔ ሄጄ አመጣቸዋለሁ» ብለው ወደ መምህሩ ቤት ሄዱ። ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አልነገሩንም። በሁለቱ መሀል ያለውን ነገር መጠየቅ ነውር ነው፤ አልጠየቅንም።

መምህሩ መጡ። በእጃቸው አንድ ነጠላ ወረቀት ነበር።

የ1977ን ነገር ዓለም የሚያውቀው ከላይ ነው። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጹት በቢቢሲ ታየ፤ ምድር ተናወጠች። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ በ1981 በእንግሊዝኛ ትዝታቸውን አሳተሙ። ሰፈራውም በቁጥር ይታወቃል፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ ተጫነ። ወዶ የሄደ አለ፣ ሳይወድ የሄደ አለ። ለገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል አባወራ አምጣ ይባላል። እዚህ ላይ ነው የኮሚሽነር መጽሐፍ የማያየው አንድ ሰው የሚገባው፤ የአባወራዎቹን ስም በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ሰው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጻፍ አይችልም ነበር፤ ጸሐፊው ታሟል። ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው ተፈለገ።

መምህሩ አነበቡ። ተጠርተው እንደሄዱ፣ ሊቀ መንበሩ ስም እየጠራ እሳቸው እንደጻፉ። ምርጫው የእሳቸው እንዳልነበረ ጽፈዋል፤ ወዲያው ከሥሩ ደግሞ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሰው በሽተኛ መሆኑን ያውቁ እንደነበረና እንዳልተናገሩ ጽፈዋል። «በጥቁር ቀለም፣ በመስመር ወረቀት ላይ ጻፍኩ» ብለው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ፣

«ሰማያዊ ነበር» አሉ እትዬ።

መምህሩ ቆሙ።

«ቢኩ ሰማያዊ ነበር፣ አስተማሪዬ። ወረቀቱ የገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ተለጠፈ። ሰዉ ተሰብስቦ አንብቢልን አለኝ። የአጎቴን ስም ለአያቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ አንቱ ባስተማሩኝ ፊደል። ጽሕፈቱም የማን እንደሆነ ያኔውኑ ለይቼዋለሁ።»

ከ1977 እስከዚያ ቀን አርባ ዓመት አልፏል። እትዬ በዚያ ሁሉ ዘመን ለእኚህ ሰው ቡና ቀድተዋል፣ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰዎ ብለዋል፣ ሐዘናቸው ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩም ያልጻፉት ለምን እንደነበር ገባን፤ ሴትየዋ አታውቅም ብለው፣ እንዳታውቅ ፈርተው ነበር።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነርሷ በክርኗ ጎሸመችው። መምህሩ ወረቀቱን ሊቀድዱት እጃቸውን ዘረጉ፤ እትዬ ቀደሟቸው፣ ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ቀሪውን አነበቡ። ሲጨርሱ፣ «እዚህ ላይ አለቀ?» አሉ።

«እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው። መኪናው ሲሄድ አየሁ» አሉ መምህሩ።

«እንግዲያው የቀረውን ይጻፉ፤ እኔ እነግርዎታለሁ።»

ይህን ነው የምላችሁ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ምዕራፍ የሁለት ሰው ነው። መምህሩ ማን እንደሄደ ያውቃሉ፤ ማን እንደተመለሰ የሚያውቁት እትዬ ናቸው። አጎትየው ወለጋ ወርደው፣ በወባ ታመው፣ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ልጁን አስከትለው ቆቦ ገቡ። በሽተኛው ሰውዬ አልተመለሰም። የአጎትየው መሬት ተከፋፍሎ ነበርና ሌላ ሙግት ተጀመረ። እትዬ ሲያወሩ መምህሩ ይጽፋሉ፤ በሳምንቱ ያነባሉ፤ እትዬ ያርማሉ። በዳሩ ላይ «ሰ» የሚል ምልክት የበዛበት ምዕራፍ ይኸኛው ነው፤ ከየማን እንደሰሙም አለ። እትዬ አጎታቸው በስማቸው እንዲጻፉ አዘዙ። «ያኔ በስሙ ነው የጻፉት፣ አሁንም በስሙ ይጻፉ» አሉ። የሊቀ መንበሩን ስም ግን መምህሩ አላወጡም፤ ልጆቹ ከተማችን ውስጥ አሉ። በዚህ ነርሷ አልተስማማችም፤ አሁንም አልተስማማችም። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ሞቶ መልስ መስጠት የማይችል ሰው አለ፣ ልጁም የአባቱን ቀን አልጻፈውም።

ሰው ይቅር ተባባለ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እኛ አገር እርቅ ሽማግሌ አለው፣ ሥርዓት አለው፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ጉዳይ አይደለም። እኔ ያየሁት ምዕራፉ ሲያልቅ ነው።

*

ስለ 2013ቱ ጦርነት ጥቂት ብቻ። መምህሩ ደብተራቸውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተው ባዶ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ በመቅበራቸው ነው ያተረፉት፤ ዳር ዳሩን የበላው እርጥበት የዚያ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ቆቦ ላይ የሆነውን ግድያ ከእኛ መሀል ያላየ የለም። ያ ምዕራፍ አልተጻፈም። ሹፌሩ «ገና ትኩስ ነው» ይላል፤ አዛውንቱም «የእሳት ፍም በእጅ አይያዝም» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቀኑንና የሰፈሩን ስም፣ ማን የት እንደነበረ፣ ቢያንስ ያንን አሁኑኑ አስፍሩት፣ ሐተታው ይቆይ እላለሁ፤ የአሸንጌዋን ካባ ነገር ለመስማት ስንት ዘመን እንደፈጀብን አይቼአለሁና። በዚህ ላይ ተከፋፍለናል። መምህሩ ቀኖቹን በአንድ ገጽ ጽፈው አሽገው ለነርሷ ሰጥተዋታል፤ ከሁላችንም የምትቆይ እሷ ናት ብለው።

ረቂቁ አልቆ አትሜ ጠረዝኩላቸው። መምህሩ ሽፋኑን እየዳበሱ፣ ስህተት ሲፈልጉ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አሸንጌ» የምትለዋ ተሳስታ አገኙ። ደስ አላቸው መሰለኝ፤ ገና ሥራ አለ ማለት ነው። አርታኢ ያስፈልጋል፣ ወረቀት ተወዷል፣ አሳታሚው ገንዘቡን አንተው አምጣ ነው የሚለው። አንድ ቅጂ ለእትዬ ሄደ። አንድ ቅጂ ነርሷ ጋ ነው። አንዱን ወመዘክር እናስገባለን ተባብለናል፤ ታትሞ ሲወጣ።

እና ማክሰኞ ዕለት ሹፌሩ አንድ አዲስ ደብተር ይዞ መጣ። ባለ ሃምሳ ቅጠል ነው፣ ዋጋው ሽፋኑ ላይ እንዳለ ተለጥፏል። «እንግዲህ ተራው የእኔ ነው» አለና ጉሮሮውን ጠርጎ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር አነበበ፦ «በ1965 ዓ.ም. አባቴ በሚነዳው ኤንትሬ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ግራ ካሱን ስወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ።»

«እንዴት ተረፋችሁ?» አለች ነርሷ።

«ቆይ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ።»

አዛውንቱ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ኤንትሬ ነው ያልከው? የአባትህ መኪናማ ኦኤም ነበረች። ማሽላ ጭነንባታል እኮ።»

«አያ፣ የአባቴን መኪና እኔን ልታስተምሩኝ ነው?»

«ቀይ ነበረች።»

«ቀይማ ነበረች…»

«ኦኤም ናት» አሉ እትዬም ከረከቦታቸው ሳይነሱ፤ ሹፌሩ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ዳሩ ላይ ከጻፋት «ካ» አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረገባት።